ውሃ የተጨመረበት አሲድ

አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ይህን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፤ ፈተና ላይ ስጠይቃቸውም አይስቱትም። እኔው መምህራቸው፣ በዚሁ ጠመኔ በምይዝበት እጄ፣ ከቢጫ ጀሪካን በኩባያ እየቀዳሁ የአሲድ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ስጨምር ስንት ዓመት እንደኖርኩ ግን አያውቁም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ለካ ሆድም የማይፈጀው ነገር አለ።

የማስተምረው ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቅ አንዲት የገጠር ከተማ ነው፤ ኬሚስትሪ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አለው፤ የለውም እንዳይባል። በሩ ላይ በሦስት ቀለም የተጻፈ ስም፣ ውስጡ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በመስታወት ቁም ሳጥን የተደረደሩ ጠርሙሶች። በየቤቱ እንግዳ ካልመጣ የማይነካ ብርጭቆ አለ አይደል? እናት ደርድራ አቧራውን ብቻ የምትጠርገው፣ ልጅ እጁን ቢሰድበት በኩርኩም የሚባልበት? ቤተ ሙከራችን እንደዚያ ነው። የሚከፈተው ከወረዳ ወይም ከዞን ሰው ሲመጣ ነው። ያን ቀን ነጭ ጋዋን ለብሰን እንቆማለን፤ እንግዶቹ ፎቶ ያነሳሉ፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ይቆለፋል።

ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም። በመጀመሪያው ዓመቴ ቁልፉን ለምኜ አስከፈትኩና የኮባልቱን ሙከራ አሳየሁ። ኮባልት ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሮዝ ነው፤ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመርበት ሰማያዊ ይሆናል፤ መልሰህ ውሃ ብትጨምርበት ደግሞ ወደ ሮዝነቱ ይመለሳል። አሲዱ በበዛ ቁጥር ወደ ሰማያዊው፣ ውሃው በበዛ ቁጥር ወደ ሮዙ። ያ በመጽሐፍ ሲነበብ እንቅልፍ የሚያመጣ ኢኩሊብሪየም የሚባል ነገር ዓይናቸው ፊት ወዲያና ወዲህ ሲል ሰባ ተማሪ በአንድ አፍ «እሰይ!» አለ። እናቴ ትሙት፣ ያን ቀን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው ጎጃም ውስጥ አልነበረም።

ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ መጣ። የንብረት ኃላፊያችን ጋቢያቸውን ከኮታቸው ላይ የማያወልቁ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ነበሩ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ፈሳሹ የደረሰበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። የአሲዱ ጠርሙስ ከመስመሩ ሦስት ጣት ያህል ወርዷል።

«ጎድሏል» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ተማሪ አስተማርኩበት።»

«ማስተማርህን መች ጠላሁ? አሲዱ የት ሄደ ነው የምልህ።»

«አለቀ ጋሼ። ሙከራ ላይ ዋለ፣ አለቀ።»

«‹አለቀ› የሚባል ነገር እዚህ ፎርም ላይ የለም። ‹ተሰበረ› አለ፤ ‹ተሰረቀ› አለ። የቱን ልጻፍልህ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በሳምንቱ «የመንግሥትን ንብረት በአግባቡ ባለመያዝ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እጄ ላይ ተቀመጠ። ቆሽቴ አረረ። ዓመቱን ሙሉ ቁልፉን ያልጠየቀው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ያስተማርኩት እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ። ጋሼ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊቴን ሲያዩ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ወደ ቤተ ሙከራው ይዘውኝ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።

«ስማ ልጄ፣ ገና ልጅ ነህ። እኔ በአንድ በጠፋ ማይክሮስኮፕ ስንት ዓመት እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠርሙሱ እስከ መስመሩ ሞልቶ ከታየ ማን ሊቀምሰው ነው?» አሉና ጥግ ላይ የነበረውን የውሃ ጀሪካን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ጨመርኩ። ጠርሙሱ ሞቀ፤ ጭሱ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ ዓይኔ አነባ። ጋሼ ከበሩ ሆነው ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩና «በቃ፣ ደርሷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ዓመቱን በጥቂት በጥቂቱ እሠራበታለሁ፣ ሰኔ ሲደርስ እሞላዋለሁ። ጠዋት ክፍል ገብቼ «ውሃ ስትጨምሩ የሟሟው ነገር ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ይሳሳል፤ መጠኑን እጥፍ ካደረጋችሁት ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል» እያልኩ ስሌቱን አሠራቸዋለሁ። የራሴን ጠርሙስ ግን አንድ ቀን አስልቼው አላውቅም። ባሰላው ምን እንደሚወጣ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?

በአራተኛው ዓመት ጠርሙሱ ሲከፈት ጭስ የሚባል ነገር ጠፋ። ኮባልቱም አሲድ ቢጨምሩበት ሮዝ እንደሆነ ቀረ። እኔም ሙከራውን ትቼ ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ መሣል ጀመርኩ። ቆጠራ ላይ ግን የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ ዕቃ በመያዝ አርአያ ነው ተብዬ በወላጆች ቀን ተጨብጭቦልኛል። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተነስቼ እጅ ነሣሁ።

ልጅቷ የመጣችው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ከጮቄ ግርጌ ካለ ቀበሌ፣ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዛ፣ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ነበረች። አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሶና ሽሮ፣ አንዳንዴም ድርቆሽ ይዘውላት ይመጣሉ። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። አንድ ቀን ግን «ኢኩሊብሪየም ማለት መቆም አይደለም፤ ወዲያ የሚሄደውና ወዲህ የሚመለሰው እኩል ሲሆን ነው» ብዬ ሳስረዳ እጇን አወጣች።

«እንደኛ አገር የከብት ገንዳ ነዋ ቲቸር። ከምንጩ የገባውን ያህል በታች በኩል ይወጣል። ከፍታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ውሃው ግን የትናንቱ አይደለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አጥርቼ አስተምሬው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዳዋን እንደ ራሴ ፈጠራ በየክፍሉ እየዞርኩ አስተምርበታለሁ፤ አሁንም ድረስ።

አባቷ ግን ሰልችቷቸው ነበር። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። «ዘንድሮ ይብቃሽ» ብለዋት ነበር። «ስንቅ ማመላለሱ ከበደኝ፤ ወንድሞችሽም ቤት የሉም፤ አንቺም መንገድ ላይ ስትሆኚ እኔ እንቅልፍ የለኝም።» ይህን የነገረችኝ እሷ ራሷ ናት፤ ሳታለቅስ፣ የዝናብ ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። ምን ልላት እችላለሁ? «አይዞሽ» አልኳት። እሱ ቃል መቼም ነፃ ነው።

በዚያው ሰሞን ከዞን ደብዳቤ መጣ። አዳሪ የሳይንስ ትምህርት ቤት ከየወረዳው አንድ ተማሪ ይወስዳል፤ መኝታም ምግብም አለው። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ አንደኛ የወጣው ተማሪ በራሱ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በኮሚቴ ፊት አንድ ሙከራ ሠርቶ ያሳያል። ካለፈ እሱ ይሄዳል፤ ከወደቀ ሁለተኛ የወጣው ይሄዳል። ልጅቷ ከወረዳው አንደኛ ወጣች። ለአባቷ ስትነግራቸው «ማደሪያ ካለውማ፣ ስንቅ ካልተጫንኩማ፣ ምን ከፋኝ!» አሉ አሉ። እንግዲህ የቀራት ያ ሙከራ ብቻ ነበር። ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ሦስተኛ መንገድ አልነበራትም።

ለሙከራው ሦስት አርእስት አስቀድሞ ተላከልን፤ ከሦስቱ አንዱ በዕለቱ በዕጣ ይወጣል። ዝርዝሩን ሳነብ ሁለተኛው ላይ «ኮባልት ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ» ይላል። 

ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ የትምህርት ጓደኛ አለኝ፤ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ አሲድ ስጠኝ ብለው አይከለክለኝም። ግን ምን ብዬ ይዤው ልግባ? ጠርሙሱ ሞልቶ እያለ ሌላ አሲድ ምን ሊሠራልህ ነው ብባልስ? ምናምን ያለበት ዝላይ አይችልም። መንገድ ተዘግቷል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መንገዱ የተዘጋው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ልጅቷ «እስቲ አንድ ጊዜ ልለማመድበት ቲቸር» ስትለኝ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ለእንግዳ የተዘጋጀ ዕቃ ቀድሞ አይነካም» አሉ። እንዲያ እንደሚሉ አውቅ ነበር፤ እንዲያ እንዲሉልኝም ነበር የጠየቅኳቸው። እሷ በቃሏ አጠናችው። ስንት ጠብታ፣ መቼ ማሞቅ፣ መቼ ማቀዝቀዝ፣ ለምን፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አደረገችው። እኔ ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ዕጣው በሌላው ይወጣል እያልኩ ተስፋ አደረግሁ። ፍርሃት ሃይማኖተኛ ያደርገናል መቼም።

ዕጣው በሁለተኛው ወጣ።

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዳቸውም ኬሚስትሪ ያጠኑ አልነበሩም፤ ወረቀት ላይ «ቀለሙ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል» የሚል ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል፣ እሱን ይዘው ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ ከኋላቸው፣ ጋሼ በሩ ጥግ፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ልጅቷ ከእሷ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጋዋን ለብሳ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላ ቆመች። ኮባልቱን በውሃ አሟሟች፤ ሮዝ ሆነ። ከሱ ትንሽ በሙከራ ቱቦ አደረገች። ከዚያ የአሲዱን ጠርሙስ ከፈተች።

እዚህ ጋ እጇ ቆም አለ። ጭስ የለም። አፏን ሳትከፍት ጠርሙሱን ትንሽ ወደ አፍንጫዋ አቀረበችና ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ውጭ አንዲት አህያ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፣ እሷን አየሁ።

በጠብታ ጠብታ ጨመረች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር ይታያል። ሮዝ ነው። አሞቀችው። ሮዝ ነው። እንደገና ጨመረች፤ እንዲያውም ሮዝነቱ እየሳሳ መጣ እንጂ ሰማያዊ የሚባል አልታየም። ሰብሳቢው ወረቀቱን አየና «ሰማያዊ ይሆናል ነው እኮ የሚለው» አለ።

ልጅቷ ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።  «ይሆን ነበር። አሲዱ ግን የተጻፈበትን ያህል ጉልበት የለውም። ውሃ ተጨምሮበታል። ውሃ ሲበዛ ምላሹ ወደ ሮዙ ስለሚመለስ ነው ሰማያዊ ያልሆነው» አለች።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! መጽሐፉ ከሚጠይቀው በላይ መለሰች። ሙከራው ተሳክቶ ከምታሳየው ይልቅ ሳይሳካ ያሳየችው እውቀት ይበልጣል። አንዳቸው እንኳ ብድግ ብለው አፍንጫቸውን ወደዚያ ጠርሙስ ቢያስጠጉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላስጠጉም። ሰብሳቢው ፊቱን ቋጠረ።

«ማን ጨመረበት?»

«እሱን አላውቅም።»

ጋሼ መዝገባቸውን ገልጠው ወደ ፊት መጡ። «ይኸው፣ ጠርሙሱ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ርእሰ መምህሩ ላብ በላብ ሆነ። ያኔ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ፤ «መምህር፣ የትምህርቱ ባለቤት አንተ ነህ። ልጅቷ አሲዱ ውሃ ነው ማለቷ እውነት ነው?»

ሁሉም አዩኝ። እሷም አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የሚያውቅ ሰው በመጨረሻ ተጠየቀ ብላ የተገላገለች ነበር የምትመስለው። አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ፤ «እውነቷን ነው»። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ይጻፍብኝ ይሆናል፣ ያጨበጨቡልኝ ያፍሩብኝ ይሆናል፤ ሞት የለበትም። አፌን ከፈትኩ።

«አሲዱ ደህና ነው» አልኩ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ደንግጣ መጠኑን ሳታሳስት አልቀረችም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። በኋላ እንዳየሁት «ስህተቷን በዕቃ አሳበበች» የሚል ነው የጻፈው። ልጅቷ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አጥባ፣ ደፍታ ደረደረቻቸው፤ ጋዋኑን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጅ ነስታ ወጣች። እንግዶቹ ለምሳ ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ በላሁም።

በሳምንቱ ሁለተኛ የወጣው ልጅ መመረጡ ተለጠፈ። እሷ ትምህርት ቤት መምጣት ካቆመች ሦስት ቀኗ ነበር። አብረዋት የሚኖሩትን ስጠይቅ «አባቷ መጥተው ዕቃዋን ጭነው ሄዱ» አሉኝ። እዚያ አገሯ ድረስ ልሂድ ብዬ ለሁለት እሑድ ያህል አሰብኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ሲያድር ያየሁት ሰው ሲረሳ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መምህራን ክፍል ውስጥ የሷን ነገር የሚያነሳ ጠፋ።

እኔ ሳልሄድ እነሱ መጡ። ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ ቀን። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ሰምቼ ስከፍት አባቷ ቆመዋል፤ ዱላቸውን ደገፍ ብለው፣ በሌላው እጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ይዘዋል። ከኋላቸው እሷ አለች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች።

በእኛ አገር የበደለ ሰው የበደለውን ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳዩ ይቅር ሲል ያወርድለታል። ይህን ያደረጉ ሽማግሌዎች አይቻለሁ፤ ደም የተቃቡ ሰዎች። ተማሪ ግን አይቼ አላውቅም። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም። አንገቷን ሰብሮታል፤ ዓይኗ የኔን ጫማ ብቻ ነው የሚያየው።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ» አሉ አባቷ። «ይህች ልጅ በእንግዳ ፊት አሳጥታዎታለች አሉኝ። የመምህሯን ዕቃ ውሃ ነው ብላ። እኔ መምህር የሚያዋርድ ልጅ አላሳደግሁም። ሁለት ዓመት ያስተማሯት፣ ፊደል የገለጡላት፣ እንደ አባቷ ነዎት። እባክዎ ስለ ወላዲተ አምላክ ይቅር ይበሏት፤ የርስዎ ሐዘን አብሯት እንዳይኖር።»

 «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ያውርዱላት!» አልኩ። «እርስዎ ነዎት እንጂ የሚያወርዱላት» አሉ። ሄጄ በሁለት እጄ ድንጋዩን አነሳሁላት፤ ከማጅራቷ ላይ አቧራው ቀረ። ቀና አላለችም። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ያዝኩ። በዚያን ሰዓት እንኳ ልናገር እችል ነበር። አባቷ ፊት፣ በዚያች በር ላይ፣ ማንም ሌላ ሳይሰማ። እግዜር ሁለተኛ ጊዜ በሬ ድረስ አምጥቶ ሰጥቶኝ ነበር።

«ቲቸር» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«አሲዱ ስንት ጠብታ ነበር የሚበቃው?»

 አባቷ ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ ልጃቸው አሁንም መማር በመፈለጓ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። «ሃያ» አልኩ። «ሃያ ጠብታ ይበቃው ነበር።»

ያኔ ቀና አለች። ፊት ለፊት አየችኝ። «እኔ ሠላሳ ሰባት ነው የጨመርኩት» አለች።

አሲዱ በበዛ ቁጥር ሰማያዊነቱ ይበረታል እንጂ እንደማይጠፋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንደዋሸሁባት አወቀች። ዓይኗን አልነቀለችም፤ ጠበቀችኝ።

አባቷ በእጃቸው ጭናቸውን መታ አደረጉ። «አዬ ልጄ! አብዝተሽዋላ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሰሙ መምህር? ጥፋቷን በአንደበቷ አመነች። በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ይበሏት።»

«ይቅር ብያታለሁ» አልኩ።